ማሽን ዕጣ ሲያወጣ፦ የዘፈቀደ ቁጥርና የኮምፒውተር ሚሞሪ ከቆቦ ማሳ እስከ ኮንዶሚኒየም

በራያ ቆቦ ቆላ አዳዲስ የማሽላ ዝርያዎች ሲፈተሹ፣ የትኛው ዝርያ በየትኛው መደብ ላይ እንደሚዘራ የሚወስነው ዕጣ ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ጠያቂዎች በአንድ ቀበሌ የማንን በር እንደሚያንኳኩ የሚወስነውም ዕጣ ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ሲታደል፣ ዲቪ የተባለው የአሜሪካ ቪዛም በዕጣ ሲወጣ ቆይቷል፤ የዕቁብ ተራም እንዲሁ። እነዚህ ዕጣዎች ድሮ የሚወጡት ከተጠቀለለ ወረቀት ነበር። አሁን ብዙዎቹን የሚያወጣቸው ኮምፒውተር ነው።

ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም መሣሪያ ነው፤ በተመሳሳይ መነሻ ሁለቴ ቢጀምሩት ሁለቴም ያው መልስ ይሰጣል። የሚይዘው ሚሞሪም ወሰን አለው። ታዲያ የማይገመት ውጤት ከሚገመት ማሽን እንዴት ይገኛል? የሚሞሪው ወሰንስ የዕጣውን ፍትሐዊነት ምን ያህል ይነካል? ጥያቄው ከ70 ዓመት በላይ አከራክሯል። በክርክሩ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ፦ አንደኛው ቀመሩ ራሱ የሚያስታውሰው ነገር መጠን፣ ሁለተኛው ዕጣው የሚወጣበት ዝርዝር ነው። የባለሙያዎች ሙግት በአብዛኛው በመጀመሪያው ላይ ያተኩራል፤ ኢትዮጵያውያንን የነኩት የተሰረዙ ዕጣዎች ግን የተበላሹት በሁለተኛው በኩል ነው። (በዚህ ዳሰሳ የውጭ አገር ክንውኖች ዓመት በጎርጎርዮስ፣ የአገር ውስጡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀርቧል።)

ከሰንጠረዥ ወደ ቀመር

የዘፈቀደ ቁጥር በመጀመሪያ በመጽሐፍ የሚሸጥ ሸቀጥ ነበር። እንግሊዛዊው ቲፔት በ1927 ከሕዝብ ቆጠራ ሪፖርቶች የለቀማቸውን 41,600 አኃዞች በሰንጠረዥ አሳተመ። በ1938 ፊሸርና ዬትስ ከሎጋሪዝም ሰንጠረዦች ያወጧቸውን 15,000 አኃዞች ጨመሩ። የሰንጠረዦቹ ዘመን ጣሪያ የነካው በ1955 ነው፤ ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያመረታቸውን አንድ ሚሊዮን አኃዞች በመጽሐፍ አወጣ። አኃዞቹ በኮምፒውተር እንዲነበቡ ሲፈለግ 20,000 የተበሱ ካርዶች አስፈለጓቸው።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ይታያል። ዕውቁ ኤኒያክ ኮምፒውተር እየሠራ ሊቀያይረው የሚችለው ማህደር 20 መዝጋቢዎች ብቻ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የሚይዙት ባለ 10 አኃዝ አንድ ቁጥር ነው። ሚሊዮን አኃዝ በእንዲህ ያለ ማሽን ሚሞሪ ውስጥ አይገባም፤ ከካርድ እያነበቡ ማስላት ደግሞ ማሽኑን ያንቀራፍፈዋል። የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን ያቀረበው መፍትሔ ቁጥሮቹን ማስቀመጡን ትቶ በፈለጉ ጊዜ በቀመር ማምረት ነበር። አንድ ቁጥር በራሱ ይባዛል፤ ከውጤቱ የመካከለኞቹ አኃዞች ይወሰዳሉ፤ እነሱ ደግሞ ለቀጣዩ ዙር መነሻ ይሆናሉ። አስመሳይ ዘፈቀደ የሚባለው የቁጥር ዓይነት በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው እንዲህ የሚሞሪን እጥረት ለማለፍ ሲባል ነው።

ድክመቱ ወዲያው ታየ። ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የሚያስታውስ ቀመር ሊገኝበት የሚችለው ሁኔታ ከ10,000 አይበልጥም፤ ስለዚህ ዘገየም ፈጠነ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አንዳንዴም መንቀሳቀሱን ጭራሽ ያቆማል፦ 3792 በራሱ ሲባዛ 14379264 ይሆናል፤ መካከለኞቹ አራት አኃዞች ያው 3792 ናቸው። የሒሳብ ሊቁ ሌመር በ1949 ያቀረበው ቀመር የቀድሞውን ቁጥር በአንድ ቋሚ ቁጥር አባዝቶና ለሌላ ቋሚ ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን ይወስዳል። በጥንቃቄ ከተመረጠ ዙሩ ረጅም ነው፤ ለአሥርት ዓመታት ዓለም የተጠቀመበትም ይህንኑ ነው። ያለ ጥንቃቄ ሲመረጥ የሚሆነውን ያሳየው በ1960ዎቹ በአይቢኤም ማሽኖች የተሠራጨው ራንዱ የተባለው ቀመር ነው። ቁጥሮቹን ሦስት ሦስት እያደረጉ በቦታ ላይ ሲያስቀምጧቸው ሁሉም በ15 ንጣፎች ላይ ተደርድረው ተገኙ። ማርሳሊያ በ1968 እንዳረጋገጠው ይህ ባሕርይ የራንዱ ብቻ አይደለም፤ የዚህ ቤተሰብ ቀመሮች በሙሉ ይጋሩታል፤ የሚለያዩት በንጣፎቹ ብዛት ነው።

በቆቦ ማሳ ላይ ዕጣ ለምን አስፈለገ

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ደጋ መካከል የተዘረጋ ሜዳ ነው። ዝናቡ ይቆራረጣል፤ ዋናው ሰብል ማሽላ ነው፤ ጠላቱ ድርቅና አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ነው። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና በመልካሳ የሚመራው አገር አቀፍ የማሽላ ምርምር ዝርያዎቻቸውን ከሚፈትሹባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ጎብዬ፣ ሆርማት፣ ራያና ግራና-1 የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ አካባቢና ከአጎራባቹ ነው። ከእነዚህ ጎብዬ፣ አብሽር ከተባለው ሌላ ዝርያ ጋር፣ አቀንጭራን በመቋቋም ይታወቃል፤ ከዝርያዎቹ ጀርባ ያለው የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ሥራ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አስገኝቶለታል።

በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ አንዱ ዝርያ ከሌላው በለጠ ለማለት መጀመሪያ ማሳው ራሱ እንዳያሳስት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጎርፍ ደለሉን እኩል አያነጥፍም፤ ውሃ በሚገባበት በኩል ያለው መደብ እርጥበት ይዞ ይቆያል። የአቀንጭራ ዘርም በአፈር ውስጥ በቦታ በቦታ ተከማችቶ ይገኛል። ተመራማሪው ተስፋ የጣለበትን ዝርያ ሳያውቀው ደህናው ጥግ ላይ ቢዘራ፣ አሸናፊው ዝርያው ይሁን አፈሩ መለየት አይቻልም።

ሮናልድ ፊሸር በእንግሊዙ የሮታምስተድ ጣቢያ ሳለ ያዳበረውና በ1935 በመጽሐፍ ያስፋፋው መልስ ሁለት ክፍል አለው። ማሳው ተመሳሳይ አፈር ባላቸው ብሎኮች ይከፈላል፤ በየብሎኩ ውስጥ ዝርያዎቹ በዕጣ ይደለደላሉ። ዕጣው አፈሩን እኩል አያደርገውም። የሚያደርገው ነገር ልዩነቱ ለማንም እንዳያዳላ ማድረግ፣ የስህተቱንም መጠን በሂሳብ ለመገመት ማስቻል ነው።

ይህን የተቃወመው ተራ ሰው አልነበረም። ስቱደንት በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው የጊነስ ቢራ ፋብሪካው ጎሴት፣ ገበሬ የአፈሩን የለምነት ልዩነት እያወቀ ለዕጣ መተው ዕውቀትን መጣል ነው ብሎ ተከራከረ። ዝርያዎቹን በሚዛናዊ ቅደም ተከተል ማፈራረቅ የአፈሩን ልዩነት ከዕጣ በተሻለ ያጠፋዋል የሚለው ጽሑፉ ከሞተ በኋላ በ1938 ታተመ። የሁለቱ ልዩነት ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ጎሴት የሚፈልገው ለአንዱ ሙከራ ትንሹን ስህተት ነው፤ ፊሸር የሚፈልገው ደግሞ የስህተቱን መጠን በታማኝነት የሚናገር ሙከራ ነው። ዛሬ የተለመደው ብሎኩን በዕውቀት፣ በብሎኩ ውስጥ ያለውን በዕጣ መወሰን የሁለቱ እርቅ ነው ማለት ይቻላል።

ቀመሩ የሚያስታውሰው ስንት ነው

አሁን ዕጣው ወደ ኮምፒውተር ይገባል። በምርምር ጣቢያዎች በሰፊው የሚሠራበት አር የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መነሻ ቁጥር ተቀብሎ የዝርያዎቹን ቅደም ተከተል ያወጣል። የሚሰጠው መነሻ ቁጥር ባለ 32 ቢት ነው፤ ይህም ማለት ሊመረጡ የሚችሉት መነሻዎች ከ4,294,967,296 አይበልጡም። ቁጥሩ ግዙፍ ይመስላል። ነገር ግን 13 አባላት ያሉት ዕቁብ ተራውን የሚደረድርባቸው መንገዶች 6,227,020,800 ናቸው። ስለዚህ በባለ 32 ቢት መነሻ ብቻ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም ለ13 ሰው ዕቁብ እንኳ ሁሉንም ተራ ሊያወጣ አይችልም፤ አንዳንዶቹ ቅደም ተከተሎች ምን ጊዜም አይደርሱም። በ16 ዝርያዎች አንድ ብሎክ ሲሆን መንገዶቹ ከ20 ትሪሊዮን ያልፋሉ። ያኔ ሊወጣ የሚችለው ከ4,800 ቅደም ተከተሎች አንዱ ያህል ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ልዩነት እዚህ አለ። ቀመሩ እየሠራ የሚያስታውሰው ነገርና የተጀመረበት መነሻ ቁጥር አንድ አይደሉም። ማትሱሞቶና ኒሺሙራ በ1998 ያሳተሙት መርሴን ትዊስተር፣ የአርም ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ነባሪ ቀመር የሆነው፣ 2,496 ባይት ያህል ያስታውሳል። ዙሩ ሁለት 19,937 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ አንድ የተቀነሰለት ቁጥር ነው። በዚህ ስሌት እስከ 2,080 ነገሮች የሚደረደሩባቸው መንገዶች ከዙሩ አይበልጡም። ነገር ግን ይህን ሰፊ አዳራሽ በ32 ቢት በር ከገቡበት፣ ከሚደረስባቸው ክፍሎች ብዛት በሩ ከሚፈቅደው አያልፍም።

የመነሻ መጥበብ የሚያስከትለውን አደጋ በግልጽ ያሳየው የ2008ቱ የደቢያን ጉዳይ ነው። ይህ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥሪት ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በተደረገ የኮድ ማስተካከያ ምክንያት የምስጢር ቁልፎችን ሲያመርት ለመነሻ የቀሩለት 32,768 አማራጮች ብቻ ሆነው ተገኙ። ቀመሩ ጤናማ ነበር፤ ነገር ግን ሊወጡ የሚችሉትን ቁልፎች ሁሉ አስቀድሞ አምርቶ መሞከር ለማንም የሚቻል ሆነ።

ይህ ለማሽላ ሙከራ ያስጨንቃል? እዚህ ላይ ሁለት አቋሞች አሉ። አንደኛው አያስጨንቅም ይላል፤ አቀንጭራ የተመራማሪውን መነሻ ቁጥር ገምቶ አይሸሽም፤ ከአራት ቢሊዮን አደላደሎች አንዱ በጭፍን ከተወሰደ ለማንም ዝርያ አያዳላም። ሁለተኛውን አቋም በ2018 በዝርዝር ያቀረቡት ኦቶቦኒና ስታርክ ናቸው፤ የተለመዱት ቀመሮችና ከዝርዝር ውስጥ የሚመርጡባቸው ዘዴዎች ለናሙና ሥራ እንኳ ከሚታሰበው በላይ ያዛንፋሉ አሉ። ሙግታቸው ፍሬ አፍርቷል፦ አር በ2019 ከዝርዝር የሚመርጥበትን የድሮ የማጠጋጋት ዘዴ ለውጧል። በዚያው ዓመት ለፓይተን ሳይንሳዊ ስሌት የሚያገለግለው ነምፓይ መርሴን ትዊስተርን ትቶ ኦኒል የነደፈችውን ፒሲጂ ነባሪው አደረገ። አዲሱ ቀመር በጥቂት ባይቶች ሚሞሪ ብቻ ይሠራል፤ ሆኖም መርሴን ትዊስተር የሚወድቅባቸውን ፈተናዎች ያልፋል። ብዙ ማስታወስና ጥሩ ማስመሰል የተለያዩ መሆናቸው በዚህ ተረጋገጠ።

ዝርዝሩ ከመሣሪያው ሲበልጥ

ሁለተኛው የሚሞሪ ጥያቄ ዕጣው የሚወጣበትን ዝርዝር ይመለከታል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ናሙናውን የወሰደው በ1999ኙ ቆጠራ ከተከለሉ 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ነው። ከእነዚህ 645 ተመረጡ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉት ቤተሰቦች በአዲስ ተመዝግበው 28 ተወሰዱ። አንድ የቆጠራ ቦታ በአማካይ 181 ቤተሰብ ስለነበረው፣ አመራረጡ ከአንድ የዘፈቀደ መነሻ ተነሥቶ በየስድስት ወይም ሰባት ቤት እንደ መቁጠር ነው።

ይህ በእኩል ርቀት የመቁጠር ዘዴ ከኮምፒውተር በፊት የመጣ ሚሞሪ ቆጣቢ ነው፤ የሚፈልገው አንድ የዘፈቀደ ቁጥርና አንድ እርምጃ ብቻ ስለሆነ በእርሳስ ይሠራል። ድክመቱ ዝርዝሩ ራሱ ድግግሞሽ ሲኖረው ይታያል፤ ቤቶቹ የተደረደሩበት ሥርዓት ከእርምጃው ጋር ከተገጣጠመ ምርጫው አንድ ዓይነት ቤት ብቻ ይለቅማል። ኪሽ በ1949 ከቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው ለመምረጥ በመጠይቁ ላይ ያሳተመው ሰንጠረዥም ዓላማው ተመሳሳይ ነው፤ ዕጣውን አስቀድሞ አውጥቶ ጠያቂውን ከማስታወስም ከማዳላትም ይገላግለዋል።

የዝርዝሩ ርዝመት ሳይታወቅ፣ ሁሉንም የሚይዝ ሚሞሪም ሳይኖር መምረጥ ይቻላል? ይቻላል። ቪተር በ1985 በሰፊው የተነተነው ዘዴ እንዲህ ነው። የሚፈለጉት 12 ቤተሰቦች ከሆኑ የመጀመሪያዎቹ 12 ይያዛሉ። 13ኛው ሲመጣ 12 ለ13 በሆነ ዕድል ይገባል፤ ከገባ ከተያዙት አንዱ በዕጣ ይወጣለታል። 100ኛው የሚገባው 12 ለ100 በሆነ ዕድል ነው። ምዝገባው በየትኛውም ቁጥር ላይ ቢያበቃ እስከዚያ የታየ ሁሉ የመመረጥ ዕድሉ እኩል ነው፤ ሚሞሪው ውስጥም ምን ጊዜም ከ12 በላይ ስም አይቀመጥም።

የሚሞሪ ወሰን ሳይነገር ሲቀር ግን ጉዳቱ ዝምተኛ ነው። የድሮው የኤክሴል ፋይል በአንድ ገጽ የሚይዘው 65,536 ረድፍ ነበር፤ ከ2007 ወዲህ ያለው 1,048,576 ይይዛል። በ2020 በእንግሊዝ ወደ 16,000 የሚጠጋ የኮቪድ ምርመራ ውጤት ከሪፖርት የቀረው በአሮጌው ዓይነት ፋይል ሲተላለፍ ትርፉ ስለተቆረጠ ነበር። ከዝርዝሩ የተቆረጠ ስም የዕጣ ዕድሉ ዜሮ ነው፤ የቀመሩ ጥራት ምንም አያድነውም።

በታብሌት የሚደረጉ ጥናቶች ደግሞ ተቃራኒውን ችግር አምጥተዋል፤ ይኸውም ማስታወስ ያለበትን መርሳት። ለመስክ መረጃ በሰፊው በሚያገለግለው ኦዲኬ መጠይቅ ውስጥ የዘፈቀደ ቁጥሩ አንዴ ብቻ ወጥቶ እንዲቀመጥ ካልታዘዘ፣ ቅጹ በተከፈተ ቁጥር እንደገና ሊወጣ ይችላል። ያኔ ሩቅ ያለ ቤት የደረሰው ጠያቂ ቅርብ ቤት እስኪደርሰው ከፍቶ መዝጋት ይችላል ማለት ነው። ዕጣ ከወጣ በኋላ መታሰር አለበት፤ የዘፈቀደነትን ያህል የመዝገብ ጉዳይ ነው።

ዕጣው ሲሰረዝ

ኢትዮጵያውያንን የነኩ ሁለት ታላላቅ ስረዛዎች ከዚህ ንድፈ ሐሳብ ጎን መቀመጥ አለባቸው። የመጀመሪያው የ2012 ዲቪ ነው። ምዝገባው ከኦክቶበር 5 እስከ ኖቬምበር 3 ቀን 2010 ተካሄደ፤ ውጤቱ በሜይ 2011 ይፋ ሆነ፤ ወደ 22,000 ሰዎችም መመረጣቸውን አዩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውጤቱን ሰረዘው። ምክንያቱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስህተት ነበር፦ ከተመረጡት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያመለከቱ ሆነው ተገኙ። ሕጉ ምርጫው በጥብቅ የዘፈቀደ እንዲሆን ስለሚያዝ ዕጣው በጁላይ እንደገና ወጣ፤ ተመርጠው የነበሩት ያቀረቡትን ክስም ፍርድ ቤት አልተቀበለውም።

ጉዳዩ አንድ ጥሩ ልዩነት ያስተምራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተመዘገቡት ሰዎች እንደሚመረጡ አስቀድመው አያውቁም ነበር፤ ለእነሱ ውጤቱ ያልተጠበቀ ነው። አለማወቅ ግን እኩል ዕድል አይደለም። በኋላ ቀን ያመለከተ ሰው የተነፈገው ዕድሉን ነው።

ሁለተኛው የአዲስ አበባ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ20/80 የቤት መርሐ ግብር 14ኛ ዙርና የ40/60 መርሐ ግብር 3ኛ ዙር፣ በድምሩ ከ25,000 በላይ ቤቶች፣ በኮምፒውተር ዕጣ ወጣባቸው። በቀናት ውስጥ የከተማ አስተዳደሩ ዕጣውን ሰረዘ። ይፋ በሆነው መሠረት በቁጠባቸው ለዕጣው ብቁ የነበሩት 79,794 ሰዎች ሲሆኑ፣ ወደ ዕጣው የገባው መረጃ ግን ከ170,000 በላይ ነበር። የተጠረጠሩ ሰዎች በቁጥጥር ሥር ዋሉ፤ ዕጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ።

በዚህ ጉዳይ የዘፈቀደ ቁጥር ቀመሩ እጅግ የተመሰከረለት ቢሆን ኖሮ እንኳ ምንም አይለውጥም ነበር። የምድቦችን ኮታ ትተን በጥቅሉ ብናሰላው፣ ብቁ ቆጣቢ ከሦስት አንድ ገደማ የነበረው ዕድል ዝርዝሩ ሲያብጥ ከሰባት አንድ ወደሚሆን ገደማ ይወርዳል። ፍጹም የሆነ ዕጣ የተበላሸን ዝርዝር በእኩልነት ያበላሸዋል እንጂ አያቃናውም።

ሁለቱን ስረዛዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። በዲቪው ከዝርዝሩ አብዛኛው ሰው በተግባር ውጭ ቀረ፤ በኮንዶሚኒየሙ መግባት የሌለበት ገባ። ስህተቱ በሁለቱም የታወቀው ውጤቱን ከዝርዝሩ ጋር በማስተያየት ነው። ለዚህም ዝርዝሩ ተመዝግቦ መቀመጥ ነበረበት።

ያልተቋጩ ነጥቦች

የመጀመሪያው ክርክር ቅደም ተከተሎች ሁሉ የሚደረስባቸው መሆን አለባቸው ወይ የሚለው ነው። ለ13 ሰው ዕቁብ ማሟላቱ ቀላል ነው፤ ሰፋ ያለ መነሻ ይበቃል። ለ79,794 ቆጣቢዎች ግን ስማቸው የሚደረደርባቸው መንገዶች ብዛት ሲጻፍ ከ350,000 በላይ አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ያን ሁሉ ለማዳረስ ወደ 150 ኪሎባይት የሚጠጋ ንጹሕ ዘፈቀደ ያስፈልጋል። ለዛሬ ስልክ ሚሞሪ ይህ ኢምንት ነው፤ ስለዚህ የፎን ኖይማን ዘመን እጥረት አሁን የለም። ነገር ግን በምስጢር ጥበቃ ደረጃ የሚሠሩት ቀመሮች፣ ለምሳሌ በሊኑክስ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ ያለው ቻቻ20፣ የሚነሡት ከ256 ቢት ቁልፍ ነው፤ ይህ ደግሞ ከ57 ነገሮች በላይ ሁሉንም ቅደም ተከተል አያዳርስም። የእነዚህ ቀመሮች ጠበቆች መልስ መስፈርቱን መቀየር ነው፦ ሁሉም መድረሱ ቀርቶ፣ የወጣውን ከእውነተኛው ዘፈቀደ ለመለየት የሚያስችል ስሌት ለማንም የማይገኝ መሆኑ ይበቃል። የስታቲስቲክስ ሰዎች በአብዛኛው ይህን ይቀበላሉ። ጥብቅ የሆነ የዕድል ማረጋገጫ የሚፈልጉት ግን መስፈርቱ በሒሳብ ያልተረጋገጠ እምነት ላይ የቆመ መሆኑን ያስታውሳሉ።

ሁለተኛው ክርክር የመነሻ ቁጥሩ ይገለጥ ወይስ ይደበቅ የሚለው ነው። ለምርምር መልሱ ይገለጥ ነው፤ ሌላው ተመራማሪ ያንኑ አደላደል ደግሞ ማውጣት መቻል አለበት። ለቤት ዕጣ ግን አስቀድሞ የታወቀ መነሻ ማለት አስቀድሞ የታወቀ አሸናፊ ነው፤ ለዘላለም የተደበቀ መነሻ ደግሞ ማንም የማያጣራው ዕጣ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ጊዜ ነው። መጀመሪያ ዝርዝሩ ይዘጋና ይታተማል፤ ቀመሩም ይገለጣል፤ መነሻ ቁጥሩ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ በሕዝብ ፊት ነው። የአሜሪካው ኮሎራዶ ግዛት ከ2017 ጀምሮ ለምርጫ ኦዲት የሚያደርገው ይህን ነው፤ 20 አኃዝ በዳይስ በአደባባይ ይወጣል፤ ማንም ሰው በቤቱ ኮምፒውተር ያንኑ ናሙና ማውጣት ይችላል። የኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎችም ኮሚቴ ለመምረጥ በ2004 ተመሳሳይ ሥርዓት ጽፈዋል። ያልተፈታው የስም ዝርዝርን ማተም ከግል መረጃ ጥበቃ ጋር እንዴት ይጣጣማል የሚለው ነው፤ ስሞቹን በምዝገባ ቁጥር መተካት ይረዳል፤ የሌለ ሰው ቁጥር ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ግን አያስችልም።

ሦስተኛው የጎሴት ጥያቄ በአዲስ መልክ ነው። የወጣው ዕጣ ግልጽ ጉድለት ካለው፣ ለምሳሌ አቀንጭራን የሚቋቋሙት ዝርያዎች በየብሎኩ በአንድ ዳር ቢሰለፉ፣ እንደገና ማውጣት ይፈቀዳል? ሞርጋንና ሩቢን በ2012 ይፈቀዳል ያሉት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ምን ዓይነት አደላደል እንደሚጣል ዕጣው ከመውጣቱ በፊት መጻፍ አለበት፤ ትንተናውም ያንን ማካተት አለበት። ውጤቱን አይቶ መድገም ግን ምርጫ ነው እንጂ ዕጣ አይባልም። ለቤት ዕጣ ይህ ፈቃድ ጨርሶ አይሠራም፤ ሰዎች ዝርያዎች አይደሉምና የተሻለ ሚዛን በሚል ስም የወጣለትን ሰው መልሶ ማስወጣት አይቻልም።

አራተኛውና ለራያ ቆላ የሚቀርበው የዝርዝሩ ዕድሜ ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሞች አድገዋል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት ቆቦን ጨምሮ የሰሜን ወሎን ሕዝብ አፈናቅሏል። የቆጠራ ቦታዎቹን በዕጣ ለመምረጥ የቤተሰቦቻቸው ብዛት እንደ ክብደት ያገለግላል፤ ብዛቱ ሲያረጅ ክብደቱም ያረጃል። በተመረጠው ቦታ ቤተሰቦችን በአዲስ መመዝገብ ከጉዳቱ ከፊሉን ይጠግናል፤ በቆጠራው ጊዜ ያልነበረን መንደር ግን ወደ ዕጣው አያስገባም። የሳተላይት ምስልን እንደ አዲስ ዝርዝር መጠቀም ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ጣሪያ ቤተሰብ አለመሆኑን የሚያነሡም አሉ።

አምስተኛው ዕጣ መቼ ይገባል የሚለው ነው። ዕጣ ፍትሕ የሚሆነው በእኩል መብት በቆሙ ሰዎች መካከል ነው። ሴፍቲኔት የተባለው የድጋፍ መርሐ ግብር ተጠቃሚዎቹን በማኅበረሰቡ ግምገማ የሚለየው ችግሩ እኩል ስላልሆነ ነው፤ እዚያ ዕጣ መጣል የባሰበትን መበደል ነው። የቤት ዕጣ በሴቶች፣ በመንግሥት ሠራተኞችና በአካል ጉዳተኞች ኮታ ሲከፈልም ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ሰው የወሰነው ነገር እንዳለ ያሳያል። ማሽኑ የሚረከበው ከዚህ ውሳኔ በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

ከዳሰሳው አንድ ሚዛን ይወጣል። ለማሳ ሙከራና ለናሙና ጥናት የታወቁት ቀመሮች በቂ ናቸው፤ መነሻ ቁጥሩ፣ የፕሮግራሙ ሥሪትና የተወሰደው ዝርዝር እስከተመዘገቡ ድረስ የ32 ቢት ጥበት የቆቦን ማሽላ ውጤት አይገለብጥም። ገንዘብና ቤት ያለበት ዕጣ ግን ሰፊ መነሻ፣ ለምስጢር ጥበቃ የተሠራ ቀመርና በአደባባይ የሚወጣ ቁጥር ይፈልጋል፤ ምክንያቱም እዚያ ሊገምት የሚሞክር ሰው አለ። በሁለቱም በኩል ትልቁ ሥራ ከቀመሩ በፊት ይገኛል። የዕጣ ሶፍትዌር የሚያዝዝ መሥሪያ ቤት ለገንቢው መጀመሪያ ሊያቀርበው የሚገባው ጥያቄ የቀመሩን ስም የሚመለከት አይደለም። ዝርዝሩ በማን፣ መቼ ተዘጋ? ከተዘጋ በኋላ አንድ ስም ቢጨመር ወይም ቢጎድል በምን ይታወቃል? ዕጣውን ያላወጣ ሰው ያንኑ ውጤት ደግሞ ማውጣት ይችላል? ለእነዚህ ሦስቱ መልስ ያለው ተራ ቀመር፣ መልስ ከሌለው ምርጥ ቀመር የበለጠ ይታመናል።